ስምንት የመሮጫ ማሽን፣ አንድ ካሜራ፦ የኦኬ ጎ ክሊፕ

ሥራዬ ኤዲቲንግ ነው። ሠርግም ክሊፕም እቆርጣለሁ። ሠርግ ላይ ሚዜው ሲደናቀፍ ያቺን ቦታ አወጣታለሁ፤ ፊልሙን የሚያይ ሰው መቼም አያውቅም። ስለዚህ አንድም ቦታ ያልተቆረጠ ክሊፕ ሳገኝ ከስክሪኑ ዓይኔን አልነቅልም። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የአሜሪካው ባንድ የኦኬ ጎ «ሂር ኢት ጎዝ አጌይን» እንደዚያ ነው። የኢንዲ ፖፕ (ከተለመደው የገበያ ፖፕ ወጣ ያለ ሙዚቃ) ክሊፕ ምን ዓይነት ነው ለሚለኝ ሁሉ መጀመሪያ የማሳየው እሱን ነው።

ነገሩ ቀላል ነው። ስምንት የመሮጫ ማሽኖች አራት አራት ሆነው በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል። አንዱ ወደ ፊት ሲሄድ ጎኑ ያለው ወደ ኋላ ይሄዳል። አራቱ የባንዱ ልጆች እዚያ ላይ ይጨፍራሉ። ካሜራው ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ጊታር የለም፣ ሞዴል የለም፣ ውድ መኪና የለም፣ የፍቅር ታሪክም የለም። የለበሱት የስፖርት ልብስ አይደለም፤ ሸሚዝና ሱሪ ነው።

አንደኛው ቀጥ ብሎ ሲቆም አስተውሉ። እግሩ አይንቀሳቀስም፣ ግን ይሄዳል። ማሽኑ ጫፍ ሊያደርሰው ሲል አንድ እርምጃ ወደ ጎን ይላል፤ የጎኑ ማሽን ደግሞ ወደመጣበት ይመልሰዋል። ፊቱ ላይ ምንም የለም። ፈገግታ እንኳን! ያ ኮስታራ ፊት የኢንዲ ክሊፕ መለያ ነው። «እዩን» አይሉም፣ ሥራቸውን ይሠራሉ። እኔ ግን ትንፋሼን ይዤ ነው የማየው፣ ምክንያቱም አንዱ ቢወድቅ የሚሸፍንለት ኤዲተር የለም። የተሳካላቸው በ17ኛው ሙከራ ነው። እንደ ጨዋታ የሚመስለው ነገር ሁሉ ተለፍቶበታል።

ዳንሱን ያዘጋጀችው የዘፋኙ የዴሚያን ኩላሽ እህት ትሪሽ ናት፤ የዳንስ ባለሙያ ነች። የተቀረፀውም ቤቷ ነው። ባንዱ ያኔ ከትልቁ ሙዚቃ አሳታሚ ከኢኤምአይ ጋር ውል ነበረው፤ ግን ሳይነግሩት ቀረፁት፣ ሳያስፈቅዱም ዩቲዩብ ላይ ጫኑት። ሰው ለሰው እየተቀባበለ ዓለምን አዳረሰው። በ2007 ክሊፑ የግራሚን የሙዚቃ ሽልማት ወሰደ።

በኋላ ኢኤምአይ ክሊፑ በሌሎች ድረ ገጾች ላይ እንዳይለጠፍ ዘጋው። ኩላሽ በ2010 ኒው ዮርክ ታይምስ ላይ እንደጻፈው፣ በቀን ወደ 10,000 ገደማ የነበረው ተመልካች ወደ 1,000 አካባቢ ወረደ። እንዲህ ያለ ክሊፕ የሚኖረው ሰው «ይቺን እያት» ብሎ ለጓደኛው ሲልክ ነው። መንገዱን ዘጋህ ማለት ገደልከው ማለት ነው። ባንዱ እዚያው ዓመት ከኩባንያው ወጥቶ የራሱን አቋቋመ። ደግ አደረጉ!

ከዚሁ ዘር የካናዳዊቷ ዘፋኝ የፋይስት «1234» አለ፣ የ2007። እሱም ሳይቆረጥ በአንድ ቀረፃ የተሠራ ነው፤ ደማቅ ቀለም የለበሱ ጨፋሪዎች ይከቧታል፣ ካሜራው ግን አብሮ ይዞራል። ውብ ነው። አፕል በዚያው ዓመት ለትንሿ ሙዚቃ ማጫወቻው ለአይፖድ ናኖ ማስታወቂያ መውሰዱ አልገረመኝም። እኔ ግን የሚያስጨንቀኝን እመርጣለሁ፤ ልብ የሚሰቅለው የማሽኖቹ ነው።

ጉድለት አለው። ዘፈኑ ይዋጣል። ክሊፑን ያሳየኋቸው ጓደኞቼ ስለ ማሽኖቹ ያወራሉ እንጂ ዜማውን ሲያንጎራጉር የሰማሁት የለም። ሙዚቃው ፈጣንና ደስ የሚል ነው፤ አንዴ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስሙት።

ስታዩት ደግሞ በስልክ አይሁን፣ ሰፋ ባለ ስክሪን ይሁን። መጀመሪያ ዝም ብላችሁ እዩት። በሁለተኛው የፊተኞቹን ትታችሁ የኋላውን ረድፍ ብቻ ተከተሉ፤ ቀጣዩ እንቅስቃሴ የሚዘጋጀው እዚያ ነው።