ከባሕር ዳር ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት፦ የጀልባ አገልግሎቱ ሲመዘን

ከባሕር ዳር ተነሥቶ በጣና ሐይቅ ላይ ወደ ዘጌ የሚጓዘው የጀልባ አገልግሎት እውነተኛ ዋጋው የሚታወቀው፣ ከወደቡ ወርደው የቡናውን ደን በእግር አቋርጠው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሲደርሱ ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን በተመሠረተው በዚህ ገዳም፣ የክቡን ቤተ ክርስቲያን መቅደስ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች የሸፈኑት ሥዕሎች የቅዱሳንን ገድልና የእመቤታችንን ተአምራት እንደ ተገለጠ ብራና በተርታ ያስነብባሉ። አስጎብኚያችን የእያንዳንዱን ሥዕል ታሪክ ሳይቸኩል አስረዳን፤ እንዲህ ያለ ዕውቀት ያለው ሰው ማግኘት መታደል ነው። ቅር ያሰኘኝ፣ ለዚህ ሁሉ ሀብት የተመደበልን ጊዜ እጅግ ማጠሩ ነው። ገዳሙ፣ ከሐይቁ አንዳንድ ገዳማት በተለየ፣ ሴቶችንም ያስተናግዳል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሐይቁን ስለሚያናውጠው፣ የጠዋቱን ጀልባ እንድትመርጡ አጥብቄ እመክራለሁ።