ለግቢ ዴክ የቱ ያዋጣል? መድኃኒት የጠጣ ጥድ፣ ኮምፖዚት ወይስ ጠንካራ እንጨት

ግቢው ውስጥ ዴክ (ከመሬት ከፍ ብሎ በጣውላ የሚነጠፍ ወለል) ሊሠራ ያሰበ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነው፦ እንጨት ልግዛ ወይስ ኮምፖዚት (ከፕላስቲክ ጋር የተደባለቀ ሰው ሠራሽ ጣውላ)? መልሱን ሳያስጠብቁ መናገር ይሻላል። ለአብዛኛው ቤት የሚያዋጣው እንዳይበሰብስ በግፊት መድኃኒት የጠጣ ጥድ ነው። በጣውላው ላይ የሚተርፈው ገንዘብ ደግሞ ጣውላውን ከሥር ለሚሸከመው ሞራሌ፣ ለብሎኑና ለውሃ መውጫው ይዋል። ዘይት የሚቀባ ሰው በቤቱ ከሌለ ዙሪያውን የፕላስቲክ ልባስ ያለው ድፍን ኮምፖዚት ሁለተኛው ምርጫ ነው። ልባስ የሌለው ርካሽ ኮምፖዚት ግን በግማሽ ዋጋ ቢሰጥም አይገዛም።

ሻጭ የማይነግርዎት ዋጋ

የሚለጠፈው ዋጋ የጣውላው ብቻ ነው፤ የዴክ ዋጋ ግን ከሥር ጀምሮ ነው የሚቆጠረው። 14 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጣውላ በ6 ሚሊ ሜትር ክፍተት ሲደረደር ለአንድ ካሬ ሜትር 6.85 ሜትር ርዝመት ይፈጃል። ለ20 ካሬ 137 ሜትር መሆኑ ነው፤ ለቁራጭና ለተጣመመው 10 በመቶ ሲጨመር 150 ሜትር ይደርሳል። ጣውላው በሰያፍ የሚነጠፍ ከሆነ ጭማሪው 15 በመቶ ይሁን። ሞራሌው በየ40 ሳንቲ ሜትሩ ሲቀመጥ፣ የዳር ዳሩ ተደምሮ፣ ለካሬው 3 ሜትር ያህል ይሄዳል። ብሎን ደግሞ ጣውላው ሞራሌውን በሚያቋርጥበት ቦታ ሁሉ ሁለት ሁለት ይገባል፤ ለካሬው 35፣ ለ20 ካሬው 700 ማለት ነው። እነዚህን 700 ብሎኖች ሳይቆጥር በጀት ያወጣ ሰው መጨረሻ ላይ ገንዘቡ ያልቅና ተራውን ብሎን ይገዛል። ብዙ ዴክ የሚበላሸው ከዚያ ነው።

የጥዱን ጣውላ ዋጋ 100 ብንለው፣ ጥሩ ልባስ ያለው ኮምፖዚት በአብዛኛው ከ200 እስከ 400 ይደርሳል፤ እንደ አይፔ ያለው ጠንካራ እንጨት ከ300 ጀምሮ ወደ ላይ ነው። ብዙዎች የሚዘነጉት ግን ኮምፖዚት የገዛውም አይፔ የገዛውም ሰው ከሥር የሚያስገባው ሞራሌ በአብዛኛው ያው መድኃኒት የጠጣ ጥድ መሆኑን ነው። 25 ዓመት ዋስትና ያለው ጣውላ በ12 ዓመቱ በሚበሰብስ ሞራሌ ላይ ቢነጠፍ ዋስትናው ምን ይጠቅማል? በዚያ ላይ ውስጡ ክፍት የሆነው ኮምፖዚት ሞራሌ በየ30 ሳንቲ ሜትሩ ስለሚፈልግ፣ በየ40 ከሚቀመጠው ጋር ሲነጻጸር የሞራሌው ብዛት በሲሶ ይጨምራል። ክሊፑ (ጣውላውን ከሞራሌው ጋር የሚይዘው)፣ የመነሻ ማያያዣው፣ የዳር መሸፈኛውና የጫፍ ክዳኑም ለየብቻ ይሸጣሉ። የዋጋ ማቅረቢያ ሲቀበሉ እነዚህ አራቱ በስም መጻፋቸውን ይዩ።

ዘይቱንም በቁጥር እንየው። 1 ሊትር የዴክ ዘይት በለስላሳ ጥድ ላይ ከ8 እስከ 10 ካሬ ይሸፍናል። ለ20 ካሬ መጀመሪያ ሁለት እጅ ሲቀባ ከ4 እስከ 5 ሊትር፣ ከዚያ በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ አንድ እጅ ሲደገም ከ2 እስከ 2.5 ሊትር ይበቃል። የኮምፖዚቱንና የጥዱን የዋጋ ልዩነት ለመላው ዴክ ያስሉና ለአንድ ዓመት የዘይትና የጉልበት ወጪ ያካፍሉት። በኮምፖዚቱ ላይ የጨመሩት ገንዘብ የሚመለሰው ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ነው። ቁጥሩ ከ15 በላይ ከመጣ ክርክሩ አልቋል፤ ጥዱ ያዋጣል። ቅቡን ራስዎ የሚሠሩት ከሆነ ደግሞ ቁጥሩ ይበልጥ ይረዝማል።

አስመሳዩን መለየት

መድኃኒት የጠጣ ተብሎ የሚሸጥ እንጨት ሁሉ በግፊት የጠጣ አይደለም። አረንጓዴ ወይም ቡናማ ቀለም ውስጥ ተነክሮ የወጣም አለ። መለያው ቀላል ነው፦ አንዱን ጣውላ ከጫፉ 30 ሳንቲ ሜትር ገባ ብለው ይቁረጡና የተቆረጠውን ፊት ይመልከቱ። በግፊት የጠጣ ጥድ ዳር ዳር ያለው ነጣ ያለ ክፍሉ በሙሉ ቀለም ይዟል፤ መካከሉ ላይ ያለው የእንጨቱ ልብ ብቻ መድኃኒቱን አይቀበልም። ቀለሙ እንደ ወረቀት ቀጭን ሆኖ ከቆዳው ላይ ብቻ ከታየ ተነክሮ የወጣ ነውና ይመልሱት። መለያ ምልክቱንም ያንብቡ። በአውሮፓ አመዳደብ ከመሬት ከፍ ላለ ጣውላ ክፍል 3፣ መሬት ለሚነካ ምሰሶ ክፍል 4 ነው፤ በአሜሪካው ዩሲ 3ቢ እና ዩሲ 4ኤ ይባላሉ። ለሞራሌ ሁልጊዜ የመሬቱን ደረጃ ይግዙ፤ ጭማሪው ትንሽ ነው፣ ሞራሌ መቀየር ግን ዴኩን በሙሉ ማንሳት ነው።

ኮምፖዚት የእንጨት ዱቄትና የፕላስቲክ ድብልቅ ነው። ዱቄቱ በፕላስቲክ ካልተሸፈነ ውሃ ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ሻጋታም ይበላዋል። ስለዚህ ናሙና ሳይወስዱ አይክፈሉ። ቁራጩን በኩሽና ሚዛን መዝነው ውፍረቱን በካሊፐር ይለኩ፤ ለ24 ሰዓት ውሃ ውስጥ ይንከሩና እንደገና ይመዝኑ። ክብደቱ ወይም ውፍረቱ በግልጽ ከጨመረ አይግዙት። ሌላውን ናሙና ግማሹን ሸፍነው ለሳምንታት ፀሐይ ላይ ያኑሩት፤ በሁለቱ ግማሾች መካከል መስመር ከወጣ ቀለሙ አይበረክትም። ልባሱ በአራቱም ጎን ነው ወይስ ሆዱ (የታችኛው ፊቱ) ልባስ የለውም? ሆዱ የተጋለጠ ጣውላ ከታች በሚመጣው እርጥበት ይጣመማል።

ቲክ ወይም አይፔ ነው ተብሎ ቀለም የተነከረ ሌላ እንጨትም ይሸጣል። ነጭ ጨርቅ በአልኮል አርሰው ሲያሹት ቀለም ከለቀቀ ነገሩ ያ ነው። የአይፔ ክብደት በሜትር ኪዩብ ከ1,000 ኪሎ ስለሚበልጥ ቁራጩ ውሃ ውስጥ ይሰምጣል፤ የሚንሳፈፍ አይፔ የለም ማለት ይቻላል። አይፔና ኩማሩ (ሌላው የደቡብ አሜሪካ ጠንካራ እንጨት) ከኅዳር 2024 ጀምሮ (በአውሮፓ አቆጣጠር) የመጥፋት ሥጋት ያለባቸውን ዕፅዋትና እንስሳት ንግድ በሚቆጣጠረው የሳይተስ ስምምነት አባሪ 2 ስለገቡ፣ የሚያስመጣ ነጋዴ የላኪውን አገር ፈቃድ ማሳየት አለበት። ወረቀቱ ከሌለ ዋጋው የወረደበት ምክንያት ተገኘ።

ብሎኑን በማግኔት ይፈትኑ። ለዴክ የሚሆነው ስቴንለስ 304 ወይም 316 ነው፤ ማግኔት እምብዛም አይስበውም። አጥብቆ ከሳበው 410 ወይም ልብጥ ብረት ነው፤ 410 ደግሞ ባሕር ወይም መዋኛ ገንዳ አጠገብ ይዝጋል። ይሄ ቅንጦት አይደለም። አርሴኒክ ያለበት የቀድሞው መድኃኒት በአሜሪካ ከ2003 መጨረሻ በኋላ (በአውሮፓ አቆጣጠር) ከመኖሪያ ቤት ሥራ ሲወጣ የተተኩት መድኃኒቶች ብዙ መዳብ አላቸው፤ መዳቡ ተራውን ብሎንና አልሙኒየምን ይበላል። ስቴንለስ ከሌለ በቀለጠ ዚንክ ውስጥ የተነከረው ይሁን እንጂ የሚያብለጨልጨው ስስ ልብጥ አይሁን።

ከሥር ያለው ሥራ

እንጨት የሚበሰብሰው እርጥበቱ ለረጅም ጊዜ ከ20 በመቶ በላይ ሲቆይ ነው። የዴክ ሥራ ሁሉ እንግዲህ እንጨቱ ቶሎ እንዲደርቅ ማድረግ ነው። መሬቱን ከቤቱ ወደ ውጭ በየሜትሩ 1 ሳንቲ ሜትር ያዘንብሉት፤ ሣር የሚከለክል ጨርቅ አንጥፈው በላዩ ጠጠር ያፍሱ። ከጠጠሩ እስከ ሞራሌው ሆድ አየር የሚያልፍበት ክፍተት ይኑር፤ ዙሪያውንም በእንጨት ደፍነው አይዝጉት። በመጋዝ የተቆረጠ ጫፍ ሁሉ መድኃኒት የሌለው ልብ ይጋለጣልና እዚያው ወዲያው የመዳብ ናፍቴኔት ወይም ሌላ የጫፍ መድኃኒት ይቀባ። የሞራሌውን ጀርባ ጣውላው ከመነጠፉ በፊት በቡቲል ቴፕ (ውሃ በማያስገባ የሚጣበቅ የጎማ ቴፕ) መሸፈን ከሁሉ ርካሹ መድኅን ነው፤ ውሃ በብሎኑ ቀዳዳ ሰርጎ የሚያድረው እዚያ ላይ ነው።

ጥድ ሲገዙ እርጥብ መሆኑን ይጠይቁ። ከመድኃኒቱ ገና የወጣ ከባድ ጣውላ 14 ሳንቲ ሜትር ስፋቱ ሲደርቅ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ እርጥቡ ተጠጋግቶ ይመታል፣ ክፍተቱን ራሱ ያወጣዋል፤ የደረቀው ግን በ5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይነጠፋል። እርጥቡን በ6 ከፍተው ቢመቱት በመጨረሻ ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ ይከፈትና የወንበር እግር ይገባበታል። ለ28 ሚሊ ሜትር ጣውላ 70 ሚሊ ሜትር ብሎን፣ ከዳር 2 ሳንቲ ሜትር ገባ ብሎ፤ ጫፍ አካባቢና በጠንካራ እንጨት ላይ ደግሞ ቀድሞ በትራፓኖ ይበሳ፣ አለዚያ ይሰነጠቃል። የብሎኑ ራስ ከጣውላው ፊት ጋር እኩል ይሁን፤ ዘልቆ ከገባ ጉድጓዱ ውሃ ይይዛል።

ባለ ቦይ ጣውላ አያንሸራትትም ብለው ይሸጡታል። ቦዩ ግን አቧራና ውሃ ይይዛል፣ አልጌ ያበቅላል፣ ለመጥረግም ያስቸግራል። ለስላሳውን ፊት ወደ ላይ ያድርጉ።

የኮምፖዚት ችግር ሙቀት ነው። የ4 ሜትር ጣውላ በ30 ዲግሪ ልዩነት 5 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። በጠዋት ብርድ ጫፍ ለጫፍ አጠጋግተው ከመቱት ቀትር ላይ ይጎብጣል፤ የክፍተቱን መጠን ከአምራቹ ሠንጠረዥ በዕለቱ ሙቀት ያንብቡ። ጥቁሩና ጥቁር ግራጫው በፀሐይ በባዶ እግር አይረገጥም፤ ልጆች ካሉ ፈዛዛውን ቀለም ይምረጡ። ሙቀት ከሚመልስ የመስኮት መስታወት የሚንጸባረቅ ፀሐይ ሊያቀልጠው እንደሚችልም ይወቁ። ጀርባው ጎማ የሆነ ምንጣፍ የማይለቅ ጥላ ይተውበታል።

እንክብካቤ

ጥዱ ዘይት መፈለጉን በውሃ ይወቁት፦ ጥቂት ውሃ ጠብ ሲያደርጉበት በደቂቃዎች ውስጥ ከሰረገ ጊዜው ደርሷል፤ ኳስ ሠርቶ ከቆመ ይተዉት። ቫርኒሽና ማንኛውም ቆዳ የሚሠራ ቅብ ዴክ ላይ አይሁን። ውሃ ከሥሩ ይገባል፣ ቅቡ ይላጣል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ መፋቅ ብቻ ነው። ሲያጸዱ በረኪና አይጠቀሙ፤ ያነጣል እንጂ አያጸዳም፣ የእንጨቱን ቃጫ የሚያያይዘውን ሊግኒንም ይበላል። ሶዲየም ፐርካርቦኔት በ1 ሊትር ሙቅ ውሃ 30 ግራም ያህል በጥብጠው ያፍስሱ፤ 15 ደቂቃ ሳይደርቅ ያቆዩትና በቃጫው አቅጣጫ ቦርሸው ያጠቡት። ብረት የነካው ጥቁር ነጠብጣብ በኦክሳሊክ አሲድ ይለቃል፤ ጓንትና የዓይን መከላከያ ያድርጉ። በግፊት የሚረጭ ማጠቢያ ጥዱን ያጎፍረዋል፤ ከተጠቀሙ ሰፊ አፍ፣ ዝቅተኛ ግፊት፣ 30 ሳንቲ ሜትር ርቀት። የጎፈረውን በ60 ወይም 80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይሹት እንጂ ከዚያ በላይ አያለስልሱት፤ በጣም የለሰለሰ እንጨት ዘይት አይጠጣም።

ዘይት የነካ ጨርቅ ተጨባብጦ ከተጣለ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ደጅ ዘርግተው ያድርቁት ወይም ውሃ የሞላ ቆርቆሮ ውስጥ ይክተቱት።

በዓመት አንድ ጊዜ ካቻቢቴ ይዘው ይዙሩ። የምሰሶ ግርጌ፣ የጣውላ ጫፍ መገናኛ፣ የአበባ ማሰሮ ሥርና ዴኩ ከግድግዳ የሚጣበቅበትን እንጨት ይውጉ። ካቻቢቴው ያለ ጉልበት ከገባ በስብሷል። ግድግዳው ላይ ያለው እንጨት በሚስማር ብቻ ተይዞ ካገኙት ሰው ሳይወጣበት ባለ ዳዶ ብሎን ያስገቡለት፤ ዴክ ከነሰዉ የሚወርደው በአብዛኛው ከዚያ ተነቅሎ ነው።

ሲበላሽ

የጥድ ጣውላ ሲበሰብስ ሁለት ሁለት ብሎን እየፈቱ አንዱን ብቻ ያወጣሉ፤ አዲሱ በአንድ ዓመት ውስጥ ከጎረቤቱ ጋር ይመሳሰላል። የተቧጨረው ይላጋል፣ ዘይት ይቀባል። ኮምፖዚት ግን ልባሱ ከተቧጨረ አይላግም፤ በድብቅ ክሊፕ የተያዘ ከሆነ መካከል ያለችውን አንዷን ለማውጣት ከዳር ጀምሮ መፍታት ሊያስፈልግ ይችላል። አምራቹ ቀለሙን ከተወው ደግሞ ምትክ የለም። ኮምፖዚት ከገዙ እንግዲህ አራት ወይም አምስት ትርፍ ጣውላና አንድ ከረጢት ክሊፕ ከዚያው ምርት ይግዙ፤ ጣውላዎቹን ጠፍጣፋ ቦታ ላይ በየ40 ሳንቲ ሜትሩ ደግፈው ፀሐይ በማያገኛቸው ቦታ ያስተኟቸው፣ አቁመው ካስደገፏቸው ይጎብጣሉ።