ለአስተርጓሚያችን ምስጋና፣ የግሪን ካርድ ኢንተርቪው ላለባችሁ ደግሞ ጥቆማ

ሰላም ወገኖቼ። ግሪን ካርዳችን እጃችን ከገባ ሰነባብቷል። ይህን ምስጋና ግን ሥራና ልጅ እያዘናጋኝ እስከ ዛሬ አቆይቼዋለሁ፤ ሲከነክነኝ ከረመ። ዴንቨርና አካባቢው ለምትኖሩ፣ በተለይ እንደኛ ከከተማ ርቃችሁ ላላችሁ፣ አንዲት አስተርጓሚ ልጠቁማችሁ ነው። ኦሮራ ነው የሚኖሩት፤ በእድሜ እናቴ ይሆናሉ። ስማቸውን አደባባይ ላይ እንዳላወጣው ስለለመኑኝ እማማ እያልኩ እቀጥላለሁ፤ ልጆቼም የሚጠሯቸው እንደዚያው ነው።

እኛ ፎርት ሞርጋን ነን። ባለቤቴ ጥገኝነት አግኝቶ እኔንና ሁለት ልጆቻችንን ያስመጣን በ2022 ነው። ጥገኝነት ያገኘም ሆነ በእሱ በኩል የመጣ ቤተሰብ ግሪን ካርድ የሚሰጠው አሜሪካ ውስጥ አንድ ዓመት ከቆየ በኋላ ስለሆነ፣ ዓመት ሲሞላን አመለከትን። በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው ኢንተርቪው ሳይጠራ ካርዱ በፖስታ ይመጣለት ነበር። እኛን ግን ጥቅምት 2017፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 2024፣ አራታችንንም ሴንቴኒያል ወዳለው የኢሚግሬሽን ቢሮ ጠሩን።

ደብዳቤው ሲደርሰኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ቋንቋው ነው። ከዚያ በፊት ለሌላ ጉዳይ ያስተረጎመልኝ ሰው ነበር። እኔ ብዙ ተናግሬ ስጨርስ እሱ ሁለት ሦስት ቃል ብሎ ያበቃል። ምን እንደተባለልኝ ሳላውቅ ወጥቼ መኪና ውስጥ አለቀስኩ። ስለዚህ በዚህኛው ቀን የማምነው ሰው እንዲገኝ ስለት እስከመሳል ደርሻለሁ። ግሪሊ የምትኖር ጓደኛዬ ናት የእማማን ስልክ የሰጠችኝ።

ቀጠሮው ሳምንት ሲቀረው ደወልኩላቸው። ዋጋቸውን ነገሩኝና በቴክስትም ላኩልኝ፤ ከዚያ ላይ በኋላ አንድ ሳንቲም አልጨመሩም። ቀጥለው፣ "ልጄ፣ እዚያ የምትጠሪያቸውን ስሞችና ቀኖች አንብቢልኝ፤ ገብቼ በዘመን ቆጠራ እንዳልደናገር" አሉኝ። ከፎርሙ ኮፒ ላይ አነበብኩላቸው። የትልቋ ልጄ ጋ ስደርስ፣ "ቆይ፣ እስቲ ድገሚልኝ" አሉ።

ፎርሙን ገንዘብ ከፍለን ያስሞላነው ሰው የልደቷን ቀን 05/12/2014 ብሎ ጽፎታል። ጥር በእኛ አምስተኛ ወር ስለሆነች 05 አደረጋት፣ ዓመተ ምሕረቱ ላይ 8 ጨመረበት፣ በዚያው ተወው። እዚህ አገር ወር ስለሚቀድም ልጄ ሜይ 12 ተወለደች ማለት ነው! እሷ የተወለደችው ጥር 12 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ የቃና ዘገሊላ ዕለት ነው። የሚካኤል ታቦት ወደ መንበሩ ሲመለስ እኔ ምጥ ላይ ነበርኩ፤ እልልታው እስካለሁበት ይሰማ ነበር። በፈረንጅ ጃንዋሪ 20 ቀን 2014 ይውላል፣ ፓስፖርቷም የሚለው ይህንኑ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ያ ወረቀት ቤቴ ተቀምጦ ሳለ አላየሁትም። እባካችሁ የፎርማችሁን ኮፒ አውጡና ቀኖቹን ዛሬውኑ ከፓስፖርታችሁ ጋር አስተያዩ።

ደንግጬ "ታዲያ ምን ልበል?" ብዬ ጠየቅኳቸው። "እሱን የሚነግርሽ ጠበቃ ነው። እኔ አስተርጓሚ ነኝ፤ ያልሽውን አደርሳለሁ እንጂ የምትይውን አልሰጥሽም" አሉኝ። የዚያን ሰዓት ቅር ብሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ትልቁ ውለታቸው ያ ነው። በኢሚግሬሽን ጉዳይ የሕግ ምክር መስጠት የሚችለው ጠበቃ ወይም የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ እውቅና የሰጠው ተወካይ ብቻ ነው። ከእኛው መሀል ስንቱ "እኔ አውቅልሃለሁ" በሚል ሰው እጅ ጉዳዩ ተበላሽቶበታል። በእሳቸው ምክንያት እውቅና ያለው ተወካይ ፈልገን አገኘን። የልደት ሰርተፍኬቷን ሙሉ የእንግሊዝኛ ትርጉም ይዘን እንድንሄድና ስህተቱን ከኦፊሰሩ ቀድመን እንድናነሳ መከረን። ትርጉሙ ላይ ተርጓሚው ሁለቱን ቋንቋዎች እንደሚችልና ትርጉሙ የተሟላና ትክክለኛ እንደሆነ አረጋግጦ ይፈርማል፤ ኖተሪ አያስፈልገውም። እኛ ለኖተሪ ልንከፍል ነበር።

የቀጠሮው ዕለት ከሌሊቱ 11፡30 ተነሳን። ባለቤቴ ስጋ ፋብሪካ የማታ ሺፍት ገብቶ አድሮ እንቅልፍ በዓይኑ ስላልዞረ መኪናውን የነዳሁት እኔ ነኝ። በኢንተርስቴት 76 ወደ 90 ማይል ገደማ ነው። በር ላይ ስንደርስ እማማ መታወቂያቸውን ይዘው ብርዱ ላይ ቆመው ይጠብቁን ነበር።

ክፍሉ ውስጥ ቀኝ እጃችንን አንስተን ማልን፤ እሳቸውም በታማኝነት ሊያስተረጉሙ ማሉ። ጂ 1256 የምትባለውን የአስተርጓሚ ፎርም ኦፊሰሩ ፊት አብረን ፈረምን። ከዚያ ጥያቄው ተጀመረ።

ውጭ እያለን "አንቺ፣ ልጄ" ሲሉኝ የነበሩት ሴትዮ፣ የኦፊሰሩን ጥያቄ ወደ አማርኛ ሲመልሱት "እርስዎ" አሉኝ። "የተወለዱት የት ነው?" "እነዚህ ከማህፀንዎ የወጡ ልጆች ናቸው?" ለባለቤቴም "የአብራክዎ ክፋይ ናቸው?" አሉት። እንግሊዝኛው "ዩ" የሚል አንድ ቃል ነው፣ ለትንሽም ለትልቅም። እሳቸው ግን ኦፊሰሩ በትህትና እየጠየቀ እንደሆነ ገብቷቸው ያንን ትህትና ይዘውልኝ መጡ። እዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ ቢሮ ውስጥ ቀና ብዬ የተቀመጥኩት ያን ቀን ነው ብል አላጋነንኩም።

የልጄን ቀን ራሴ አነሳሁት። ኦፊሰሩ ፓስፖርቱንና ትርጉሙን አይቶ ፎርሙ ላይ በቀይ እስክሪብቶ አረመው፤ መጨረሻ ላይ እርማቶቹን አይተን ፈረምን። ቀጥሎ የእኔ የቤተሰብ ስም ከባለቤቴም ከልጆቼም ለምን እንደሚለይ ጠየቀኝ። እማማ ይህን በእንቅልፋቸውም ያስረዱታል፣ ስንት ሐበሻ ይህ ጥያቄ ተጠይቋል። ግን አልቀደሙኝም። ዝም ብለው ዓይን ዓይኔን እያዩ ጠበቁኝ። እኛ አገር ሴት አግብታ ስሟን እንደማትቀይር፣ ልጅም በአባቱ ስም እንደሚጠራ እኔው ተናገርኩ፤ እሳቸው ሐረግ በሐረግ አደረሱት። አንድ ቦታ ላይ "የካቲት ይመስለኛል… አይ፣ እርግጠኛ አይደለሁም" ብዬ ነበር። እሱንም ከነመወላወሌ አደረሱት፤ "የካቲት" ብለው ቢያልፉት ከማልኩት ቃል ጋር የተጋጨ መልስ ተጽፎብኝ ይቀር ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ካርዶቹ በፖስታ መጡ። እግረ መንገዴን፣ በጥገኝነት ለመጣችሁ፦ ነዋሪ የሆናችሁበት ቀን ካርዱ ከጸደቀበት አንድ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ ብታገኙት ስህተት እንዳይመስላችሁ። ሕጉ ያንን ዓመት ይቆጥርላችኋል፤ ለዜግነትም ይጠቅማችኋል።

ለእማማ ደውዬ ሳበስራቸው "እንኳን ደስ አላችሁ" ከማለታቸው በፊት የጠየቁኝ "የልጅቷ ቀን በትክክል ወጣ?" ብለው ነው። ጃንዋሪ 20 ይላል አልኳቸው። ስልኩ ውስጥ እልል አሉ።

እማማ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ፣ እድሜና ጤና ይስጥልኝ። አስተርጓሚ ለምትፈልጉ ደግሞ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ ስልካቸውን እሰጣችኋለሁ። ቢያንስ ከሳምንት በፊት ደውሉላቸው። ፎርም እንዲሞሉላችሁ አትጠይቋቸው፣ አይሞሉም። ቀጠሮውን ስትነግሯቸው "ጠዋት 2፡30" ወይም "ኤይት ሰርቲ" ብላችሁ ለይታችሁ ንገሯቸው፤ ቢሆንም ደጋግመው ይጠይቋችኋል።