ሶማሌ ተራ ለአሮጌ ሃይኤስ፦ ምን ይገኛል፣ ምን ያታልላል

መርካቶ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ በሚሸጥበት ሶማሌ ተራ «የሃይኤስ ዕቃ አለ?» ብሎ ለጠየቀ «የለም» የሚል ባለሱቅ ብርቅ ነው። የሚሰጠው ግን ሸማቹ የሚፈልገውን ሳይሆን መደርደሪያው ላይ ያለውን ነው። ከ1989 እስከ 2004 እ.ኤ.አ. የተመረተው የቶዮታ ሃይኤስ በናፍጣው በኩል እንኳ 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል የሚባሉ የተለያዩ ሞተሮች ተገጥመውለታል፤ «የሃይኤስ» የሚባል አንድ ዕቃ የለም።

ስለዚህ አስቀድሞ የፋብሪካውን የብረት ሰሌዳና የሞተር ቁጥሩን በስልክ ማንሳት ይገባል። ሞዴሉ በኤልኤች (LH) ከጀመረ ናፍጣ፣ በአርዜድኤች (RZH) ከጀመረ ቤንዚን ነው። የቶዮታ የዕቃ ቁጥር ባለ አምስት አኃዝ ሁለት ክፍል ነው፤ የፊተኛው አምስት የዕቃውን ዓይነት ይናገራል፦ 13568 የታይሚንግ ቺንጋ (የቫልቮቹን እንቅስቃሴ ከፒስተኖቹ ጋር የሚያገጥመው ቀበቶ)፣ 11115 የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በብሎኩ መካከል የሚገባው ማሸጊያ)፣ 04465 የፊት ፍሬን ሸራ። ለየትኛው መኪና እንደሆነ የሚለየው የኋለኛው አምስት ነው። «ያው ነው፣ ይገጥማል» የሚባለውም እዚሁ ላይ ነው።

ይህ ቸልታ በጣም የሚያስከፍለው በጓርኒሲዮን ነው። የ2ኤልና የ3ኤል ጓርኒሲዮን በሦስት ውፍረት ይመጣል፤ የሚመረጠውም ፒስተኑ ከብሎኩ ፊት ምን ያህል እንደሚወጣ ተለክቶ ነው። ከሚገባው ከቀጠነ ፒስተኑ ቴስታታውን ሊነካ ይችላል፤ ከወፈረ ኮምፕሬሽን ይወርዳል፣ ጠዋት ጠዋት ማስነሳት ፈተና ይሆናል። አሮጌው ሳይጣል ምልክቱን አይቶ ተመሳሳዩን መግዛት ወይም መካኒኩን ማስለካት ነው።

ያገለገለ ቴስታታ፣ ማለትም የሞተር ራስ፣ በብዛት አለ፤ ዋጋው ያጓጓል። እነዚህ ሞተሮች ውኃ አጥተው ሲግሉ ቴስታታቸው በሁለቱ ቫልቭ መቀመጫዎች መካከል ይሰነጠቃል፤ ጥቀርሻው ሳይጸዳ ስንጥቁ አይታይም። ቶርኖ ቤት (የሞተር አካል የሚሞረድበትና የሚጠገንበት) ወስዶ በግፊት ሳያስፈትሹ ሙሉ ክፍያ መፈጸም ገንዘብ መጣል ነው። «መጀመሪያ ላስፈትሽ» ሲባል ፊቱን የሚያጠቁር ሻጭ መልሱን ሰጥቷል።

የታይሚንግ ቺንጋ ግን አዲስ ብቻ፣ ያውም ቺንጋውን ከሚወጥሩት ኩሽኔታዎች (ተሽከርካሪ መያዣዎች) ጋር። ከተበጠሰ ፒስተንና ቫልቭ ይጋጫሉ። የዘይት መያዣ ጎማዎቹንም አብሮ መቀየር ያስፈልጋል፤ ዘይት የነካው ቺንጋ ዕድሜ የለውም። የውኃ ፓምፑ በኤል ሞተሮች ላይ በውጪው ቺንጋ ስለሚዞር «አብረህ ቀይር» የሚል ሻጭ ዕቃ እያራገፈ ነው።

ለመኝታ የተቀየረ ሃይኤስ ያለው ሰው የሚቸገረው ከሞተሩ ይልቅ በአካሉ ነው። የመስኮት ጎማ አዲስ ማግኘት ያስቸግራል፤ ከተፈታ መኪና የወጣው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የደረቀ ስለሆነ አጥፎ ማየት ነው፣ ከተሰነጠቀ መተው። ተንሸራታች በሩ ወደ ታች ሲወርድ ሙሉ በር እንድትገዙ ይነገራችኋል። አትስሙ። አብዛኛውን ጊዜ ያለቀው የመሃሉ ወይም የታችኛው ሮለር ነው፣ እሱም ለብቻው ይሸጣል።

ደረሰኝ ላይ «ካልገጠመ ይቀየራል» የሚለውን ገንዘብ ሳይከፈል ማስጻፍ ነው። አርብ እኩለ ቀን ላይ ብዙ ሱቅ ለጁምዓ ስለሚዘጋ ማልዶ መሄድ ይሻላል።