ጠባብ ቦታ ለመሥራት ባለገመድ ይሻላል ባለባትሪ?

ድሪል ልትገዙ ስትሄዱ ሻጩ መጀመሪያ የሚነግራችሁ ዋቱን ነው። “ይሄ 600 ነው፣ ይሄ 710 ነው፣ ይሄማ በሬ ነው!” ሰፊ ወርክሾፕ ላለው ሰው እሺ። የኮንዶሚኒየም ኪችን ውስጥ ቁጢጥ ብሎ ካቢኔት ለሚገጥም ግን ከዋቱ በፊት የሚያስፈልገው ሜትር ነው።

ሂሳቡ ቀላል ነው። 40 ሴንቲ ስፋት ያለው ካቢኔት በ18 ሚሊ ኤምዲኤፍ (ከታመቀ የእንጨት ብናኝ የሚሠራ ጣውላ) ከተሠራ የውስጥ ስፋቱ 36 ሴንቲ ከምናምን ነው። የተለመደው ባለገመድ ድሪል ብቻውን ከ25 ሴንቲ በላይ ይረዝማል። አሥር ሴንቲ ፑንታ (መብሻ ጫፍ) ስትጨምሩበት አለቀ፤ ወይ አይገባም፣ ወይ ተጋድሞ ገብቶ ቀዳዳውን ሰያፍ ያወጣዋል። ገመዱ ደግሞ ከእጀታው ሥር ስለሚወጣ ታች ያለው መደርደሪያ ላይ እየተደገፈ እጃችሁን ወደ ላይ ይገፋዋል። ባለ 12 ቮልቱ የባትሪ ድሪል ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ20 ሴንቲ ያንሳል፣ የሚጎተት ነገርም የለውም። አራት ሴንቲ ብሎን እንጨት ውስጥ ለማስገባት አቅሙ ከበቂ በላይ ነው።

ታዲያ ባለባትሪውን ገዝተን እንገላገል? ቆይ። ካቢኔቱን ግድግዳ ላይ ስትሰቅሉ የኮንክሪት ኮለን (ምሰሶ) ካጋጠማችሁ ያቺ ትንሽዬ ድሪል ታለቅሳለች። እዚያ የሚያዋጣው እየመታ የሚበሳው ባለገመድ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ለአንድ ብቻ ከሆነ እኔ ባለገመዱን ገዝቼ ጫፉ ላይ የሚገጠመውን፣ አቅጣጫውን ወደ ጎን የሚያዞረውን የ90 ዲግሪ ጭንቅላት እጨምርበታለሁ። ጭንቅላቷ በአጭር ቢት (የመፍቻ ጫፍ) ብሎን ታስራለች፤ ትንሽ ስለምትወዛወዝ ግን ለጥንቃቄ ቀዳዳ አትመኗት።

መቁረጫ ላይ ነገሩ ሌላ ነው። የሲንክ ቀዳዳ ለማውጣት ጂግሶው (ቀጭን ምላጩ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄድ መጋዝ) በቂ ነው። ከላይ ቅስት እጀታ ካለው ይልቅ ወገቡ የሚጨበጠውን ብትመርጡ ቁመቱ ዝቅ ስለሚል መደርደሪያ ሥርም ይገባል። የተገጠመ ካቢኔት ጀርባ ላይ ለቧንቧ መቅደድ ሲመጣ ደግሞ መልቲቱልን የሚያህል የለም። ምላጩ አይሽከረከርም፣ ግራ ቀኝ ይርገበገባል እንጂ፤ ግድግዳው ሥር ድረስ ይቆርጣል። ይሄን ባለገመድ ግዙት፤ ሥራው ረጅም ስለሆነ ባትሪ ይበላል። ገመዱ በጭራው በኩል ስለሚወጣ ግን ሱቅ ውስጥ ስትለኩት ለጎማው አንገት መታጠፊያ ቦታ ጨምሩ። ግራይንደር (ብረት የሚቆርጠውና የሚሞርደው ባለክብ ዲስክ ማሽን) ላይ የእንጨት ምላጭ የሚገጥሙ አሉ። ተዉት! ምላጩ ከነከሰ ወደ ሰው ነው የሚዘለው፣ ጠባብ ቦታ ላይ ደግሞ ወዴት ትሸሻላችሁ?

ባለገመድ የሚገዛ ሰው የማራዘሚያውንም ወጪ ያስብ። ለቴሌቪዥን የተገዛው ቀጭን ዲቫይደር ለዚህ አይሆንም። በጥቅል የሚሸጠውን ከተጠቀማችሁ እስከ መጨረሻው ፍቱት፣ እንደተጠቀለለ ከሠራ ይግላል። ገመዱን ከኋላ በትከሻችሁ ላይ አሳልፉት፤ ያን ጊዜ ገመዱ የምላጩ መንገድ ላይ አይገባም፣ ስፒናውም የካቢኔት ጠርዝ ላይ አይያዝም።

ሌላም አለ። ባለገመዶቹ አብዛኞቹ ካርቦን (ሞተሩ ውስጥ እየተፋተገ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ቁራጭ) ያላቸው ናቸው፣ ሲሠሩ በአየር መግቢያው በኩል ሰማያዊ ብልጭታ ይታያል። መስኮቱ በተዘጋ ኪችን ቫርኒሽ ተቀብቶ ቲነሩ ገና እየሸተተ ማሽን አታስነሱ። ብሩሽለስ (ካርቦን አልባ) የሚባሉት ባለባትሪዎች ይሄ የካርቦን ብልጭታ የለባቸውም፣ ቢሆንም ሽታው እስኪወጣ ጠብቁ።

መብራት ሲጠፋ ማን እንደሚያሸንፍ መቼም አልነግራችሁም። ብቻ ባለባትሪ ስትገዙ ሁለት ባትሪ ያለውን ውሰዱ፣ ባትሪው ለብቻው ስንት እንደሚሸጥም እዚያው ጠይቁ፤ አንዳንዱ ጋ መልሱን ስትሰሙ ባለገመዱን አንስታችሁ ትወጣላችሁ።