ጡቡ የሚነበብበት የኖርፎክ የእርሻ ቤት

በምሥራቅ እንግሊዝ፣ በኖርፎክ ገጠር፣ ለእንግዶች በሚከራይ አንድ ጥንታዊ የገበሬ ቤት ሦስት ሌሊት አድሬአለሁ። አልጋው ምቹ፣ ወጥ ቤቱም የተሟላ ነው፤ እኔን እዚያ የወሰደኝ ግን ግንቡ ስለሆነ የምጽፈውም ስለ እሱ ነው።

አካባቢው ከባልጩት በቀር ለግንባታ የሚሆን ድንጋይ እምብዛም ስለሌለው፣ የጥንት ሰዎች የሸክላ አፈሩን ቆፍረው፣ በእጃቸው ቅርጽ አስይዘው ጡብ ያቃጥሉ ነበር። የፊት ለፊቱ ግድግዳ የተሠራው ፍሌሚሽ በሚባለው አደራደር ነው፤ ይኸውም በእያንዳንዱ ረድፍ አንዱ ጡብ በረጅም ጎኑ፣ ቀጣዩ በአጭር ጎኑ እየተፈራረቀ ይገነባል። ከአጫጭሮቹ ጎኖች ብዙዎቹ ለእሳቱ ቀርበው በመቃጠላቸው እንደ መስተዋት የሚያብለጨልጭ ሰማያዊ ግራጫ መልክ አላቸው፤ ግንበኛው እነዚህን እየመረጠ በቀዩ መካከል ስላስገባቸው ግድግዳው የተሸመነ ይመስላል። ከሁሉ ይልቅ የማረከኝ የምሥራቁ ጎን አናት ነው። እዚያ ጡቦቹ በጣሪያው ተዳፋት ላይ ቀጥ ብለው እንዲያርፉ ዘመም ተደርገው፣ ሦስት ማእዘን እየሠሩ ወደ አግድሞቹ ረድፎች ይገባሉ፤ በዚህም ዘዴ ለዝናብ የተጋለጠ የተቆረጠ ጡብ በጠርዙ ላይ አይታይም።

በጀርባ በኩል የተቀጠለው ክፍል ጡቦች ወፈር ያሉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1784 የተጣለው የጡብ ግብር በቁጥር ይከፈል ስለነበር አንዳንድ ሠሪዎች ጡቡን አተለቁት፤ በ1803 በትልልቆቹ ላይ ግብሩ እጥፍ ሆነ፤ በ1850 ተሻረ። ጡቡ ብቻውን ዘመኑን ባያረጋግጥም ግምቴ ይህ ክፍል የተሠራው ግብሩ በነበረበት ዘመን ነው ወደሚለው ያደላል።

ለእንግዶች የተቀመጠው ማብራሪያ በላይኛው ፎቅ ያለው ድፍን መስኮት ከ1696 እስከ 1851 ይከፈል የነበረውን የመስኮት ግብር ለመሸሽ የተዘጋ እንደሆነ ይናገራል። ይህን ለመቀበል ይከብደኛል፤ ምክንያቱም ከበስተኋላው የጭስ ማውጫው ያልፋል፤ ስለዚህ ከመነሻው ለፊት ገጹ ሚዛን ሲባል የተሠራ ይመስለኛል።

ያሳዘነኝ የምዕራቡ ግድግዳ ነው፤ የጡቦቹ መጋጠሚያ በሲሚንቶ ተሞልቷል። ኖራ እርጥበትን ያስተነፍሳል፤ ሲሚንቶ ግን ስለሚያፍነው ውኃው በጡቡ ውስጥ ይቀራል፣ በብርድ ወራትም በረዶ ሆኖ ሲያብጥ የጡቡን ፊት ልጦ ያረግፈዋል። ግርጌው ላይ የወደቀውን ቀይ ዱቄት በእጄ ዘግኜ አይቻለሁ። ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ነው፤ ስለዚህ ሲሚንቶው በባለሙያ ተፍቆ በኖራ እንዲተካ ለባለቤቶቹ በጽሑፍ አሳስቤአለሁ። ለመከራየት የሚያስብ ሰው የምሥራቁን ጎን ማለዳ ላይ፣ ፀሐይ በአግድም ስትመታው ይመልከተው።