ፈረንሳይኛን በጆሮ መጀመር፦ የፒምስለር ደረጃ 1 ለድሬዳዋ ሰው ምን ያህል ይሆናል?

ከድሬዳዋ ተነስቶ ጅቡቲ የሚገባ ሰው ሱማሊኛ ካወቀ ገበያ ውስጥ አይቸገርም። ፈረንሳይኛ የሚጠየቀው ቢሮ ሲገባ ነው፦ ወደብ፣ ጉምሩክ፣ ባንክ፣ ሆስፒታል። እዚያ ደግሞ በመጽሐፍ ብቻ የተማረ ሰው አፉ ይታሰራል። ግሡን በየመደቡ ይዘረዝረዋል፣ ሰላምታውንም ያውቀዋል፤ ጸሐፊዋ ቀና ብላ ስትጠይቀው ግን መልሱ አይወጣም። የድምፅ ትምህርት የሚጠቅመው ለዚህ ነው። እዚህ የምንገመግመው ከነዚህ ትምህርቶች በሰፊው የሚታወቀውን የፒምስለር ፈረንሳይኛ ደረጃ 1 ነው፤ ከዜሮ ለሚጀምርና በአማርኛ አፍ ለፈታ ሰው። ፍርዳችንን ከአሁኑ እንናገር፦ አፍ ለማስፈታት ከሞከርናቸው ሁሉ ይበልጣል፣ ለብቻው ግን ጅቡቲ አያደርስም።

ደረጃ 1 እያንዳንዳቸው 30 ደቂቃ የሚወስዱ 30 ትምህርቶች አሉት፤ ሲደመር 15 ሰዓት። መጀመሪያ አጭር ጭውውት ይሰማል፣ ከዚያ አስተማሪው ጭውውቱን እየበተነ ያስጠናል። ረዘም ያለ ቃል ሲመጣ ከጭራው ይጀምራል። «ኮምፕረኔ» (ይገባዎታል) የሚለውን ለማስያዝ መጀመሪያ «ኔ» ያስብላል፣ ቀጥሎ «ፕረኔ»፣ በመጨረሻ ሙሉውን። ፈረንሳይኛ ክብደቱን የሚጥለው መጨረሻው ላይ ስለሆነ፣ ከጭራ የተለማመደ ሰው ዜማውን አብሮ ይይዛል።

የትምህርቱ ሞተር ግን ድግግሞሹ ነው። የዘዴው ፈጣሪ ፖል ፒምስለር እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመው ጽሑፍ አዲስ ቃል ሊረሳ ሲል መጠየቅ አለበት ብሎ ጊዜውን አስቀምጧል፦ ከ5 ሰከንድ፣ ከ25 ሰከንድ፣ ከ2 ደቂቃ፣ ከ10 ደቂቃ፣ ከ1 ሰዓት፣ ከ5 ሰዓት፣ ከ1 ቀን፣ ከ5 ቀን በኋላ እያለ ይራራቃል። የነገው ትምህርት የዛሬውን ቃል ሳይታሰብ የሚጠይቀው በዚህ ምክንያት ነው። በአንድ ቀን ሦስት ትምህርት መጨረስ እንደ ጉብዝና ይታያል፣ ግን በቃሉና በጥያቄው መካከል መኖር የነበረበትን እንቅልፍ ይሰርዘዋል። አራት ቀን ዘልሎ መመለስም ያው ነው፤ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። ከዘለሉ ወደ ኋላ ሁለት ትምህርት ተመልሶ መነሳት ይሻላል።

አስተማሪው ከጠየቀ በኋላ ለጥቂት ሰከንድ ዝም ይላል። የትምህርቱ ዋጋ ያለው በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው። በልብ መመለስ አይቆጠርም፣ በሹክሹክታ መመለስም እንዲሁ። ድምፅ ተሰምቶ መውጣት አለበት። ጊዜው አጠረኝ ብሎ ማጫወቻውን ማቆምም አይጠቅምም፤ ጅቡቲ ያለችው ጸሐፊ ማቆሚያ የላትም። የፒምስለር የራሱ መመሪያ ከተጠየቀው 80 በመቶውን የመለሰ ይቀጥል፣ ያልመለሰ በማግስቱ ያንኑ ይድገም ይላል። እኛም የምንስማማበት ነው። 30ው ትምህርት በ45 ቀን ቢያልቅ ምንም ነውር የለበትም።

ለዚህ ቦታና ሰዓት መምረጥ ያስፈልጋል። ባጃጅ ውስጥ ሆኖ የሚሰማ ሰው ሞተሩን እንጂ አናባቢውን አይሰማም፤ ቀፊራ ገበያም ያው ነው። ጠዋት ከ12 ሰዓት ጀምሮ ፀሐዩ ሳይከር በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር ግማሽ ሰዓት በእግር መሄድ ለአንድ ትምህርት ልክ ይሆናል፤ እየተራመዱ ጮክ ብሎ መመለስም ስልክ የሚያወራ ሰው ከመምሰል አያልፍም። ኢርፎኑ ሁለቱም ጆሮ የሚሠራ ይሁን። ትምህርቱን ዋይፋይ ባለበት አውርዶ፣ ሲማሩ ስልኩን ፍላይት ሞድ ላይ ማድረግ ነው። ግማሽ ሰዓት ድምፅ በ64 ኪሎቢት ሲቀመጥ 14 ሜጋባይት ያህል ነው፤ ሙሉ ደረጃው ግማሽ ጊጋባይት አይሞላም።

አሁን ትምህርቱ የማይነግረን ነገር ላይ እንምጣ። ትምህርቱ የተሠራው ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ነው፣ ስለዚህ የሚደክመው እንግሊዝኛ ተናጋሪ የሚደክምበት ቦታ ነው። «ለ»፣ «ደ» እና «ዠ» የሚሉት አጫጭር ቃላት ለእነሱ ፈተና ናቸው፤ ለእኛ የግዕዝ አናባቢ በጣም ስለሚቀርብ በነጻ ይገኛሉ። «ኝ»ም ቢሆን ሻምፓኝ ብለን የለመድነው ነው። ከጉሮሮ የሚወጣው የፈረንሳይ «ር» ደግሞ ዐረብኛ ለቀራ የድሬ ወይም የሐረር ልጅ አዲስ አይደለም፤ የዐረብኛው ገይን ለስለስ ሲል ማለት ነው። የአማርኛውን «ር» በምላስ ጫፍ ማንቀጥቀጥ ንግግሩን ባያበላሽም፣ ገይንን የሚችል ሰው ግን በዚያ ይጀምር።

ችግሩ ያለው በኢ እና በኡ መካከል ያለው ድምፅ ላይ ነው። ማስረጃው አፋችን ላይ አለ። ቢሮ እና ቡፌ ሁለቱም ከፈረንሳይኛ የመጡ ናቸው፣ በፈረንሳይኛው የሁለቱም የመጀመሪያ አናባቢ አንድ ነው። አማርኛ ግን ያ ድምፅ ስለሌለው አንዱን «ቢ» ሌላውን «ቡ» አድርጎ ወሰደው። ድምፁን ለማግኘት «ቢሮ» ለማለት ተዘጋጅቶ፣ ምላስን «ቢ» ላይ እንዳለች ሳያንቀሳቅሱ ከንፈርን ብቻ «ቡ» እንደሚሉ ማሞጥሞጥ ነው። በቀን አሥር ጊዜ መስተዋት ፊት ቢደረግ በሳምንት ውስጥ ይመጣል። ሳይመጣ የቀረ ሰው ምን እንደሚገጥመው ጭነት የሚያወርድ ሰው በደንብ ይረዳዋል፦ ላይ የሚለውና ሥር የሚለው ሁለቱም በእኛ ፊደል «ደሱ» ተብለው ይጻፋሉ። ልዩነታቸው ይህ አናባቢ ብቻ ነው። ካርቶኑ ከላይ ይሁን ከታች የሚወስነው የከንፈር ቅርፅ ነው።

ሁለተኛው በአፍንጫ የሚወጡት ድምፆች ናቸው። «ቦንዡር» ስንል ምላሳችን ከላይኛው ጥርስ ኋላ ትነካና ሙሉ «ን» ይወጣል። በፈረንሳይኛው ምላስ የትም አትነካም፤ አናባቢው ራሱ በአፍንጫ ይወጣል እንጂ «ን» የለም። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ቃሉን እያሉ አፍንጫን ቆንጠጥ ማድረግ። ድምፁ ከታፈነ ተሳክቷል፤ ምላስ ከፍ ካለች ግን አማርኛ ነው።

ከዚህ የተነሳ አጥብቀን የምንመክረው አንድ ነገር አለ፦ ትምህርቱን በአማርኛ ፊደል ደብተር ላይ አትጻፉ። እዚህ የጻፍነው ለመጠቆም ያህል ነው። «ደሱ» ብሎ የጻፈ ተማሪ ከሳምንት በኋላ የሚያነበው የራሱን ስህተት ነው፣ የጆሮው ትዝታ በፊደሉ ይሸፈናል። በላቲን መጻፍም ለመጀመሪያዎቹ አሥር ትምህርቶች ቢቆይ ይሻላል፤ ፈረንሳይኛ የማያነባቸውን ፊደላት መጨረሻ ላይ ስለሚደረድር፣ ቀድሞ ያየ ሰው ሁሉንም ማንበብ ይጀምራል። ከደብተር ይልቅ የስልኩ ድምፅ መቅጃ ይረዳል። በየትምህርቱ መጨረሻ አምስት ዓረፍተ ነገር ቀድቶ ከትምህርቱ ድምፅ ጋር ማወዳደር ነው።

ሰዋስው ላይ ፒምስለር ደንብ አያስተምርም፣ ከምሳሌ እንዲያዝ ይተወዋል። ለአማርኛ ተናጋሪ አንዳንዱ ያለ ደንብም ይገባል። «አልገባኝም» ስንል «አል» ከፊት «ም» ከኋላ ግሡን ያቅፉታል፤ «ዠ ነ ኮምፕራን ፓ» ሲባልም «ነ» እና «ፓ» ያንኑ ያደርጋሉ። በፈጣን ንግግር «ነ» ብዙ ጊዜ ይዋጣል፣ «ፓ» ብቻ ይሰማል። ትምህርቱ ሙሉውን ስለሚያስተምር፣ ጆሮ «ፓ»ን ብቻ መጠበቅ መልመድ አለበት። የቃል ጾታ ግን ያለ ደንብ ያደናግራል፦ ቡና ወንድ፣ ቢራ ሴት ነው፣ ምክንያቱ አይጠየቅም። ቃሉን ጾታውን ከሚያሳየው ከፊቱ ካለው ቃል ጋር «አን ካፌ»፣ «ዩን ቢዬር» ብሎ መያዝ ነው፤ ብቻውን የተያዘ ቃል ኋላ ያስቸግራል። አንድ ሌላ፦ ድሬ አንቱታ አይወድም፣ ሁሉም አንተ ነው፣ አንቺ ነች። ትምህርቱ ደግሞ «ቩ» በሚለው የአክብሮት አጠራር ይጀምራል። ለቢሮ ሰው የሚያስፈልገው እሱ ስለሆነ፣ የሰፈሩን ልማድ ለሰፈር ትቶ «ቩ»ን ማጥበቅ ይገባል።

ሰዓት ራሱን የቻለ ወጥመድ ነው፣ የትኛውም የውጭ ትምህርት አያስጠነቅቅም። ጅቡቲና እኛ በአንድ የሰዓት ክልል ውስጥ ነን፣ አቆጣጠሩ ግን ስድስት ሰዓት ይለያያል። «ዊ ተር» ስምንት ሰዓት ነው፤ በእኛ ጠዋት 2። «ደ ዘር» ሁለት ሰዓት ነው፤ በእኛ ከቀትር በኋላ 8። ሁለትና ስምንት ቦታ ስለሚለዋወጡ፣ ቁጥሩን በትክክል የሰማ ሰው እንኳ ይሳሳታል። በዚያ ላይ «ዲ ዘር»፣ «ዱ ዘር» እና «ደ ዘር» የሚለያዩት በአንድ አናባቢ ብቻ ነው፦ የመጀመሪያው በእኛ ጠዋት 4፣ ሁለተኛው ቀትር 6፣ ሦስተኛው ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት። ቀጠሮ የያዘ ሰው በጣት አሳይቶ ቢያረጋግጥ አያፍርበት። ትምህርቱ ሰዓት ሲያስተምር ደግሞ በእንግሊዝኛ የተጠየቀውን በቀጥታ በፈረንሳይኛ መመለስ ነው፤ በመሃል ወደ ሐበሻ ሰዓት መተርጎም ሦስተኛ ሥራ ይጨምራል።

ገንዘብም አለ። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፣ አንድ ዶላር 178 ፍራንክ ገደማ። ስለዚህ ተራ ግዢ እንኳ በመቶና በሺ ይጠራል። ደረጃ 1 የሚያተኩረው ትንንሽ ቁጥሮች ላይ ነው። የጎደለውን ለብቻ መያዝ ያስፈልጋል፦ 70 «ስልሳ አሥር» ተብሎ፣ 80 «አራት ሃያ» ተብሎ፣ 90 «አራት ሃያ አሥር» ተብሎ ይጠራል። «ካትር» (አራት) ሲሰማ እጁ አራት ላይ የቸኮለ ሰው 80ን ያጣዋል፤ ቀጥሎ «ቫን» (ሃያ) መምጣት አለመምጣቱን መጠበቅ ነው።

የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛው የከበደው ሰው በአንድ ጊዜ ሁለት ትርጉም ስለሚሠራ ዝምታው አይበቃውም፤ ለእሱ ይህን ትምህርት አንመክርም። ጭውውቱም የፓሪስ ነው፦ የሳን ዣክ መንገድ የት ነው፣ የሳን ሚሼል ጎዳና የት ነው ይባላል። የመንገዱን ስም በወደቡ፣ በባንኩ፣ በባቡር ጣቢያው እየተኩ መድገም ይጠቅማል። ጣቢያው «ላ ጋር» ነው፣ ለገሃር ያልነው ከዚያ ነውና። ክፍያው በዶላር መሆኑ ደግሞ የብር ካርድ ብቻ ላለው ሰው መንገድ ይዘጋል። የመጀመሪያው ትምህርት ግን በነጻ ስለሚገኝ፣ ዘዴው ይስማማ አይስማማ ሳይከፍሉ መፈተን ይቻላል።

ዶላር ለሌለው ላንጉጅ ትራንስፈር የሚባለው ሌላ የድምፅ ትምህርት ሙሉ በሙሉ ነጻ ነው። የፈረንሳይኛው መግቢያ ብቻ ስለሆነ ሩቅ አይወስድም፣ ግን አስተማሪው ተማሪዋን እያሳሰበ ዓረፍተ ነገር እንድትሠራ ያደርጋል፤ ፒምስለር የሚዘለውን «ለምን» ያብራራል። እዚህ ግን ጥያቄው ላይ ማጫወቻውን ማቆም ተገቢ ነው፣ የተሠራው ለዚያ ነው። ሚሼል ቶማስ የሚባለው የድምፅ ትምህርት ዘዴም ተመሳሳይ ነው። ሁለት ተማሪዎች አብረው ይማራሉ፣ አትጻፉ ለማስታወስም አትታገሉ ይባላል፤ በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ የሚመሳሰሉ ቃላትን መነሻ ያደርጋል። ጉድለቱ የተማሪዎቹ የተሳሳተ አነጋገር አብሮ መሰማቱ ነው። ድምፁን ገና ላልያዘ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፣ ስለዚህ ሁለተኛ እንጂ መጀመሪያ አይሁን። ለድምፁ ብቻ ከሆነ የአሜሪካ መንግሥት ለዲፕሎማቶቹ ያዘጋጀው የድሮ ኮርስ የድምፅ ልምምድ ክፍል በነጻ ይገኛል። ቀረጻው አርጅቷል፣ ደረቅም ነው፣ ተመሳሳይ ድምፆችን ጎን ለጎን በማስቀመጥ ግን ጠንካራ ነው።

30ውን የጨረሰ ሰው ወዲያው ደረጃ 2 አይግዛ። መጀመሪያ ቲቪ 5 ሞንድ የተባለው የፈረንሳይኛ ቴሌቪዥን ጣቢያ በሚያወጣቸው የኤ1 (የጀማሪ ደረጃ) ነጻ መልመጃዎች ላይ የሰማውን በጽሑፍ ይየው፤ የላቲን ፊደሉ የሚመጣው አሁን ነው። የፈረንሳዩ ሬዲዮ አርኤፍአይ የ10 ደቂቃ ቀላል ዜና ከነጽሑፉ ስለሚወጣ ጥሩ ነው፣ ግን ለጀማሪ ገና ይከብዳል፤ ለሦስት ወር ያህል ይቆይ። እስከዚያ ድረስ ድሬዳዋ ወዳለው የፈረንሳይኛ ቋንቋና ባህል ማዕከል፣ አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ፣ ጎራ ብሎ ስለ ጀማሪ ክፍል መጠየቅ ይበጃል። ጥያቄውን ራሱን በፈረንሳይኛ ማቅረብ ነው፣ ከ«ፓርዶን» (ይቅርታ) ጀምሮ።